ከባህር ዳር ሆኖ ኮምፓይለርና ፓራለል ኮምፒውቲንግ ውስጥ መግባት፦ ከየት ልጀምር ለምትሉኝ ሁሉ

ሰሞኑን ከባህር ዳር ዩኒቨርስቲ ፖሊ ግቢ ልጆች የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ አይነት ነው፤ "ኮምፓይለር ላይ ሪሰርች መስራት እፈልጋለሁ፣ ፓራለል ኮምፒውቲንግም ደስ ይለኛል፣ ግን እዚህ ሆኜ ከየት ነው የምጀምረው?" ለእያንዳንዳችሁ በቴሌግራም ድምፅ ከምልክ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልፃፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት፣ ቡናው መሀል ላይ ለትምህርቱም ያስፈልገናል።

ዋናውን መጀመሪያ ልናገር። ኮምፓይለር ማለት የምንፅፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚረዳው ትእዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው፣ ፓራለል ኮምፒውቲንግ ደግሞ አንድን ስራ ከፋፍሎ ጎን ለጎን ማስኬድ። ኮምፓይለር የሚገባችሁ ስራውን ከፍታችሁ ስታዩት ነው። ስለ ፓርሰር (የኮዱን ሰዋስው የሚያነበው ክፍል)፣ ስለ ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የሚያፈጥነው ስራ) ሸምድዶ ኤ ያመጣ ብዙ ልጅ አውቃለሁ፣ የገዛ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ አላየም። እኔም 4ኛ ዓመት እስክደርስ አላየሁም ነበር፣ ያ ጊዜ አሁንም ይቆጨኛል።

ይሄን መንገድ ከማንም በላይ የምታሳየኝ ፍራን አለን ናት (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምህረቶች የፈረንጅ ናቸው)። በ1932 የተወለደች፣ ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ፔሩ በምትባል የገጠር ከተማ እርሻ ላይ ያደገች፣ ሂሳብ ተምራ አስተማሪ የሆነች ሴት ናት። ሚሺጋን ሄዳ ማስተርሷን ስትጨርስ የትምህርት እዳ ነበረባት፣ እሱን ልክፈልና ወደ ማስተማሬ እመለሳለሁ ብላ በ1957 የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ገባች፣ እዛው 45 ዓመት ሰራችና በ2002 ጡረታ ወጣች። የመጀመሪያ ስራዋ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ፎርትራን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለአይቢኤም ተመራማሪዎች ማስተማር። ፎርትራን ያኔ ገና በዛው ዓመት መውጣቱ ነው፣ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ማሽን እንደ ሰው እጅ ጥሩ ኮድ ይፅፋል ብለው አያምኑም፣ ሊማሩም አልፈለጉም። እሷም ለማስተማር መጀመሪያ ራሷ ማወቅ ስላለባት የኮምፓይለሩን ኮድ ቁጭ ብላ አነበበችው። ሙሉ እድሜዋን የሰራችበት ሙያ የተጀመረው እንግዲህ በዚህ ነው፣ አስተምሪ ተብላ፣ ልታስተምር ብላ ውስጡን ስታይ። በ2006 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማትን ተሸለመች፣ ሽልማቱ ከተጀመረ 40 ዓመት ሆኖት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የምታስተምሩት ሰው ፈልጉ ነው። ታናሽ ወንድም፣ የዶርም ጓደኛ፣ ከታች ባች ያለ ልጅ፣ ማንም ይሁን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሶስት ልጆች ጋር ጣና ዳር ዛፍ ስር እንቀመጥና አንዱ ያነበበውን ለሌሎቹ ያስረዳል። ማስረዳት ሲያቅተው እዛ ጋ እንዳልገባው ያውቃል፣ እዛው ላይ እንቆማለን።

አሁን ወደ እጅ ስራው። ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። 4 ጂቢ ራም ያለው ያረጀ ላፕቶፕ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት በቂ ነው። ኡቡንቱ ጫኑበት፣ ጂሲሲንና ክላንግን (ሁለቱም የሲ ቋንቋ ኮምፓይለሮች ናቸው) ሁለቱንም ጫኑ፣ ማኑዋሎቹንም አውርዳችሁ አስቀምጡ ምክንያቱም ኔትወርክ የሚጠፋው ሁሌ በምትፈልጉት ሰዓት ነው።

ከዛ ይቺን ዛሬ ማታ ሞክሩ። በሲ አንድ ትንሽ ፈንክሽን ፃፉ፣ ነ የሚባል ቁጥር ተቀብሎ ከ0 ጀምሮ ከዛ ቁጥር በታች ያሉትን ቁጥሮች በሉፕ እየደመረ ድምሩን የሚመልስ። ሌላ ምንም የለውም። መጀመሪያ በክላንግ ያለ ኦፕቲማይዜሽን ማለትም በኦ0 (-O0)፣ ዳሽ ትልቁ ኤስ (-S) ጨምራችሁ አሴምብሊውን፣ ማለትም ለማሽኑ የሚሄደውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ አውጡት። ሉፑን ታዩታላችሁ፣ ከሜሞሪ ያነባል፣ ይደምራል፣ ይመልሳል፣ ወደ ላይ ይዘላል፣ እንደገና። አሁን ያንኑ ፋይል ኦፕቲማይዜሽን አብርታችሁ በኦ2 (-O2) አውጡት። ሉፑ የለም! ወደ ኋላ የሚዘል ጃምፕ ብትፈልጉ አታገኙም፣ ያለው አንድ ማባዛትና ሺፍት (ቢቶችን ማንሸራተት፣ እዚህ ለ2 ለማካፈል) ከትንሽ መደመር ጋር ነው። ክላንግ ሉፑን አይቶ ይሄ እኮ ሃይስኩል የተማርነው ነ ሲባዛ በ(ነ ሲቀነስ 1)፣ ውጤቱ ለ2 ሲካፈል ነው ብሎ በቀመሩ ተክቶታል። ነ አንድ ቢሊዮን ቢሆንም ስራው ያው ነው። እኔ ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ማን ነው የነገረው? እንዴት አወቀ? ይሄ ጥያቄ ከመጣባችሁ ሪሰርቸር መሆን ጀምራችኋል ማለት ነው።

ያንኑ በጂሲሲም አውጡና አወዳድሩ፣ ሁለቱ አንድ አይነት አያስቡም። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ትንሽ ፈንክሽን እንዲህ እያደረጋችሁ ደብተር ላይ ፃፉ፣ ምን ሰጠሁት ምን ሆኖ ወጣ።

ቀጥሎ የራሳችሁን ትንሽ ኮምፓይለር ስሩ። ካልኩሌተር የሚያህል ይበቃል፣ ቁጥር፣ መደመር፣ ማባዛት፣ ቅንፍ፣ ቫሪያብል፣ አንድ ሉፕ። እኔ የምመክረው ቋንቋውን በአማርኛ አድርጉት ነው፣ "ይሁን"፣ "እስከ"፣ "አውጣ" የሚሉ ቃላት ያሉት። ለፉከራ ብዬ አይደለም፣ የሚያስተምራችሁ ነገር ስላለ ነው። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አፃፃፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ "ጣና" ለኛ ሁለት ፊደል ቢሆንም ለማሽኑ 6 ባይት ነው፣ ባይት በባይት እየሄደ ፊደል ነው አይደለም ብሎ የሚጠይቅ ሌክሰር (ፅሁፉን ወደ ቃላት የሚቆርጠው ክፍል) ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ ከመጣችሁ የመጀመሪያው ቃል ላይ ይወድቃል። ገልብጦ ማለፍ አይቻልም፣ ማሰብ ግድ ነው። ሌላም አለ፣ አንዱ ልጅ "ፀሐይ ይሁን 5" ብሎ ፅፎ ታች ላይ "ጸሀይ" ብሎ ቢጠራው ምን ታደርጋላችሁ? ለጆሮ አንድ ነው፣ በኮድ ደረጃ ግን ሁለት የተለያየ ስም ነው። አንድ ናቸው ብላችሁ ታዋህዳላችሁ ወይስ ስህተት ትላላችሁ? የቋንቋ ዲዛይን የሚባለው ይሄ ነው፣ መልሱ የናንተ ነው፣ ምክንያቱን ግን ፃፉ። የስህተት መልእክቶቹንም በደንብ አስቡባቸው፣ "መስመር 4 ላይ፦ ዓሣ የሚባል ነገር እስካሁን አልነገርከኝም" የሚል መልእክት ከአስር ፊቸር ይበልጣል።

ፓርሰር ላይ ግን ወር አትጨርሱ። ብዙ ሰው እዛ ይቀራል። እሱ የድሮ የተፈታ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል፣ የዛሬው ሪሰርች በብዛት ያለው ከሱ ቀጥሎ ነው።

ከሱ ቀጥሎ ያለው ኮንትሮል ፍሎው ግራፍ ነው። ፕሮግራሙን ወደ ቤዚክ ብሎክ ቆራርጣችሁ፣ ማለትም ከላይ ገብቶ እስከ ታች ሳይዘል የሚሄደውን ቁራጭ አንድ ሳጥን አድርጋችሁ፣ የት ወደ የት እንደሚዘል ቀስት ትስላላችሁ። ይሄን ስርዓት አስይዛ የፃፈችው ራሷ ፍራን አለን ናት፣ በ1970፣ ፅሁፉም ኮንትሮል ፍሎው አናሊሲስ ይባላል። የኮምፒውተር ሙያ ማህበሩ ኤሲኤም ከ1951 እስከ 2000 ያሳተማቸውን ፅሁፎች በ2022 ለሁሉም በነፃ ከፍቷል፣ ስለዚህ ብር ሳትከፍሉ ማውረድ ትችላላችሁ፣ አጭር ነው፣ እንግሊዝኛውም አይከብድም። ስታነቡት ደግሞ እስክሪብቶ ያዙ። ፔፐር እንደ ዜና አይነበብም፣ መጀመሪያ ስዕሎቹንና ምሳሌውን፣ ከዛ ምሳሌውን ራሳችሁ ወረቀት ላይ እንደገና ሰርታችሁ፣ መልሳችሁ ከሱ መልስ ጋር ሲገጥም ነው ወደ ዝርዝሩ የምትገቡት። አንድ ፔፐር ሁለት ሳምንት ቢወስድባችሁ ምንም አይደለም። ከሱ በኋላ ከአይቢኤም ባልደረባዋ ከጆን ኮክ ጋር የፃፈችውን የኦፕቲማይዜሽን ዘዴዎች ዝርዝር አንብቡ፣ ዛሬ ጂሲሲም ክላንግም ውስጥ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ እዛ አሉ።

ኤስኤስኤ የሚባለውን፣ ኮምፓይለሩ ኮዱን ውስጡ የሚፅፍበትን መልክም እዚህ ጋ ተማሩ። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ቫሪያብል ዋጋ የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ ዋጋ ከመጣ አዲስ ስም ይወጣለታል፣ ሀ1፣ ሀ2፣ ሀ3 እያለ። ሁለት መንገድ አደባባይ ላይ ሲገናኝ ደግሞ ፋይ የሚባል ነገር ይቆምና በየት በኩል መጣህ ብሎ ትክክለኛውን ይመርጣል። ዋናው ፔፐር በ1991 የወጣ ነው፣ ሳይትሮንና ባልደረቦቹ የፃፉት።

አሁን ቡናው። ፓራለል ኮምፒውቲንግ ላይ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ስለ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የስራ መስመር) እና ስለ ኮር (ስራውን የሚሰራው የፕሮሰሰር ክፍል) ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ዲፔንደንስ ማለትም ጥገኝነት ይግባችሁ እላለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቶናው የሚፈላው በአቦሉ አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ነው፣ በረካውም በቶናው ላይ። ስለዚህ እናቴ ሶስት ጀበናና ሶስት ምድጃ ቢኖራትም ሶስቱን ዙር እኩል መጣድ አትችልም፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጤት ይጠብቃል። በኮድ ሲታይ የአሬዩን (የተደረደሩ ዋጋዎች ማለት ነው) አምስተኛ ቦታ ለመሙላት አራተኛውን የሚያነብ ሉፕ ማለት ነው። ሉፕ ካሪድ ዲፔንደንስ የሚሉት እሱን ነው፣ እንደዚህ ያለውን ሉፕ እንዲሁ ለአራት ኮር ማካፈል አይቻልም። አሁን ግን ሰፈሩን እዩት። አስር ቤት ቡና እየፈላ ነው። የኛ ቤት ቶና የጎረቤትን አቦል አይጠብቅም። ውስጠኛው ሉፕ ማለትም ዙሩ የግድ በተራ ነው፣ ውጪኛው ሉፕ ማለትም ቤቱ ግን ሙሉ ለሙሉ ፓራለል ነው። የትኛው ሉፕ ላይ ጥገኝነት እንዳለና የትኛው ላይ እንደሌለ ኮዱን ብቻ አይቶ ማወቅ፣ ከቻለም ሉፖቹን ማገለባበጥ፣ ይሄ ነው የፓራለላይዚንግ ኮምፓይለር ስራ።

ፍራን አለን በ1980ዎቹ ፒትራን የሚባል ፕሮጀክት መስርታ የመራችው ለዚህ ነበር፣ በተራ እንዲሰሩ የተፃፉ የፎርትራን ፕሮግራሞችን ማንም ሳይነካቸው ኮምፓይለሩ ራሱ ፓራለል እንዲያደርጋቸው። ከሷ በፊት ኢሊኖይ ዩኒቨርስቲ የዴቪድ ከክ ቡድን በዚሁ ላይ ይሰራ ነበር፣ ክላንግ የተሰራበት የኮምፓይለር መሰረት ኤልኤልቪኤምም በኋላ በ2000 የተጀመረው እዛው ኢሊኖይ ነው። ያኔ ብዙ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን የጥቂት ላብራቶሪ ንብረት ነበር፣ በ2005 አካባቢ የአንድ ኮር ፍጥነት እንደ ድሮው መጨመሩ ሲቆም ግን ብዙ ኮር በየሰዉ ላፕቶፕ፣ ቆይቶም በየስልኩ ውስጥ ገባ። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ 8 ኮር ሊኖረው ይችላል፣ አንዱን ብቻ የሚጠቀም ፕሮግራም ግን አሁንም ብዙ ነው፣ ገና ያልተሰራ ስራ ሞልቷል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ሉፕን ለትሬዶች የሚያካፍለው ኦፕን ኤምፒ ከጂሲሲ ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ ሚሊዮን ጊዜ በአንድ ቫሪያብል ላይ 1 የሚደምር ሉፕ ፃፉ፣ ከላዩ ፓራለል ፎር የሚለውን መስመር አድርጉ፣ ኮምፓይል ስታደርጉ -fopenmp ጨምራችሁ በኦ0 በአራት ትሬድ አስኪዱት። መልሱ አንድ ሚሊዮን አይሆንም። ደግማችሁ አስኪዱት፣ ሌላ ቁጥር። ሶስተኛ፣ ሌላ። ለምን? ከታንኳ ዓሣ ሲወርድ ሁለት ልጆች በአንድ ደብተር ይቆጥራሉ እንበል። አንዱ ደብተሩ ላይ 7 አየ፣ ሌላውም በዛው ቅፅበት 7 አየ፣ ሁለቱም አንድ አንድ ዓሣ ጨምረው 8 ብለው ፃፉ። ሁለት ዓሣ ገብቶ አንድ ተቆጠረ። መፍትሄው ሪዳክሽን ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ደብተር ስጡትና መጨረሻ ላይ ድምሮቹን ደምሩ። ይሄን በእጃችሁ አበላሽታችሁ በእጃችሁ ካስተካከላችሁት ይሄን ስህተት፣ ሬስ ኮንዲሽን የሚሉትን፣ መቼም አትረሱትም።

ፍጥነት ስትለኩ ደግሞ የአምዳልን ህግ አስታውሱ፣ በተራ የሚሰራው ክፍል የፍጥነቱን ጣራ ይወስናል የሚለውን፣ ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበው። ከስራችሁ 10 ፐርሰንቱ የግድ በተራ የሚሰራ ከሆነ በ4 ኮር የምታገኙት 3.1 እጥፍ ገደማ ነው፣ በ8 ኮር 4.7፣ በሺ ኮርም 10 እጥፍ አይሞላም። ስለዚህ ኮር ከመጨመር በፊት ያቺ 10 ፐርሰንት ምን እንደሆነች ፈልጉ።

"እዚህ ሀገር ይሄ ምን ይሰራል" የሚላችሁ ሰው ይኖራል፣ እኔንም የማከብረው ሰው ብሎኝ ለአንድ ዓመት ያህል ትቼው ነበር። አሁን የምመልሰው መልስ አለኝ። ስዋት የሚባለው የውሃ ሞዴል፣ በጣና ተፋሰስ ላይ ብዙ ጥናት የተሰራበት፣ በፎርትራን የተፃፈ ነው። የውሃ ሰዎች ሞዴሉን ከተለካው ፍሰት ጋር ለማስማማት ፓራሜተር እየቀያየሩ በመቶና በሺ ጊዜ ያስኬዱታል፣ አንዱ ሩጫ የሌላውን አይጠብቅም፣ የጎረቤት ቡና ማለት ነው። የእምቦጭን መስፋፋት ከሳተላይት ምስል የሚከታተል ሰውም ምስሉን ቆራርጦ ለየኮሩ ማካፈል ይችላል። ከግቢያችሁ አንድ የሃይድሮሎጂ ወይም የጂአይኤስ (የካርታ መረጃ) ተማሪ ፈልጉና ኮምፒውተርህ ላይ የሚያስቸግርህ ረጅሙ ስራ የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁት። በሱ ላይ የሰራችሁት ስራ ለቲሲስም ይሆናል፣ በማመልከቻ ላይም ከማንኛውም ሰርተፊኬት በላይ ይናገራል።

አንድ ጥንቃቄ ስለ ኤልኤልቪኤም። እኔ ሶርሱን አውርጄ በዲበግ ሞድ፣ ለሁሉም ታርጌት (የፕሮሰሰር አይነት)፣ በሁሉም ኮር ቢልድ ጀመርኩት፣ ራሙ 8 ጂቢ ነው። ሊንክ ላይ፣ ማለትም ቁርጥራጮቹን ማገጣጠም ላይ ሲደርስ ላፕቶፑ ደረቀ፣ ማውዝ እንኳን አልንቀሳቀስ አለ፣ ከዛ መብራት ጠፋ፣ ባትሪውም የቆየ ነው፣ የስምንት ሰዓት ስራ ገደል ገባ። እንዲህ አታድርጉ። ሪሊዝ ሞድ፣ ታርጌት ኤክስ86 ብቻ፣ ፓራለል ሊንክ ጆብ 1፣ ሲሲካሽ (አንዴ የተሰራውን አስቀምጦ ደግሞ ከመስራት የሚያድን) ጭናችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያ ላይ ከነጭራሹ ቢልድ አለማድረግ ነው፣ ተዘጋጅቶ የተጠቀለለውን ከኡቡንቱ ጫኑና የራሳችሁን ፓስ (ኮዱን የሚመረምር ወይም የሚቀይር አንድ የኮምፓይለር ደረጃ) ከውጪ ፅፋችሁ አስገቡበት። የመጀመሪያ ፓሳችሁ በፈንክሽን ውስጥ ስንት ሉፕ እንዳለ የሚቆጥር ይሁን። ሁለተኛው የትኞቹ ሉፖች ዲፔንደንስ እንደሌላቸው የሚያወጣ፣ ይሄኛው ወራት ይወስዳል፣ ይውሰድ።

እዛ ስትደርሱ ወደ ውጪ መታየት ትችላላችሁ። ኤልኤልቪኤም ጊትሃብ ላይ ለጀማሪ ተብለው ምልክት የተደረገባቸው ስራዎች አሉ፣ ከነሱ አንዱን ያዙ፣ ትንሹን፣ ሪቪው የሚያደርጉት ሰዎች ኮስተር ሊሉባችሁ ይችላሉ፣ አትቀየሙ፣ የሚሉትን አስተካክላችሁ መልሱ። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድንም (ጀማሪዎችን በክፍት ሶርስ ፕሮጀክቶች ላይ የሚያሰራ ፕሮግራም) ተከታተሉ፣ ኤልኤልቪኤም ተማሪ ሲቀበል ቆይቷል። ፒኤልዲአይ፣ ሲጂኦ፣ ፒፒኦፒፒ የሚባሉ ኮንፈረንሶች የዘርፉ ትልልቆቹ ናቸው፣ የሚወጡትን ርዕሶች በየዓመቱ እዩ፣ ማን የት ምን ላይ እንደሚሰራ የምታውቁት በዛ ነው።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትፅፉ "ውድ ፕሮፌሰር፣ ስለ ስራዎት ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ" የሚል ደብዳቤ ለመቶ ሰው አትላኩ። እኔ እንደዛ ከሰላሳ በላይ ልኬ አንድም አልተመለሰልኝም። የተመለሰልኝ "ቱላችሁን አስኬድኩት፣ እቺ ሉፕ ላይ ዲፔንደንስ አለ ይላል፣ በእጄ ስሰራው ግን የለም፣ የት ጋ ተሳሳትኩ?" ብዬ ስድስት መስመር የፃፍኩት ነው፣ በማግስቱ መጣ። ጥሩ ጥያቄ ሲቪ ነው። ፒኤችዲ ደግሞ ውጪ ሀገር በዚህ ዘርፍ በአብዛኛው በሪሰርች ወይም በማስተማር ረዳትነት እየተከፈላችሁ የምትማሩት ነው፣ ከኪሳችሁ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ሁለቴ አጣሩ።

በሉ እንግዲህ፣ መብራት ካለ ዛሬ ማታ ያቺን የድምር ፈንክሽን ፃፉ። የኦ0ውንና የኦ2ውን አሴምብሊ ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሰራ በአማርኛ ፅፋችሁበት ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁ ኑ፣ ከዛፉ ስር ነን።